የቀሩት አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትሮች

ዴቨንፖርት፣ ታዝማኒያ
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1984

ለወንድሜ ሚስት ለቤሪል፣

ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ስዞረው ከርሜ ዛሬ ከፈትኩት። የስድብ መስሎኝ ነበር፣ ቢሆንም አልፈርድብሽም። ሜርቭ ከሞተ አንድ ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነ፤ እኔ ዋርሳሽ ግን አንዲት መስመር አልጻፍኩልሽም። ለቀብሩም አልመጣሁ። ያኔ «ታምሜያለሁ» ብዬ ቴሌግራም ልኬልሽ ነበር። ምን አሞህ ብለሽ አለመጠየቅሽ ያንቺ ጨዋነት ነው። ይቅርታ ለማለት አፍ የለኝም፤ እንግዲህ ብያለሁ።

ስለ ሜርቭ ሞተር ሳይክል የጠየቅሽኝን ልመልስ፣ እሱ ይቀለኛል። ከማርሚታው ጥቁር ጭስ፣ ልብስ ላይ የሚቀር የቤንዚን ሽታ፣ ስትሞቅ የሚብስ መንተፋተፍ፤ የዘረዘርሽው ሁሉ የሚናገረው አንድ ነገር ነው። ከአየሩ በላይ ቤንዚን ትጠጣለች። ለምን እንደምትጠጣ ግን ከዚህ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም። ምክንያቱ አራትም አምስትም ሊሆን ይችላል፣ አንድ በአንድ ነው የሚፈለገው። ሁለት ነገር ባንዴ የነካካ ሰው የትኛው እንዳዳናት ሳያውቅ ይቀራል።

ከካንዴላው ጀምሪ። አዲስ ካንዴላ አስገቢና አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ንጂያት። ከዚያ በሩጫ ላይ እንዳለች ፍሪሲዮኑን ይዘሽ ሞተሩን እዚያው አጥፊ። በሚኒሞ እያዘገምሽ ቤት ድረስ ካመጣሻት ካንዴላው ይዋሽሻል። ፈትተሽ እዪው፤ ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ደህና ናት፣ ጥላሸት ከመሰለ እየጠጣች ነው። አንድ ነገር ባስተካከልሽ ቁጥር እንደገና ይሄንኑ አድርጊ። ቀጥለሽ ጠዋት ስታስነሻት የምትስቢው ቾክ እስከ መጨረሻው መመለሱን እዪ። ሽቦው ዝጎ ግማሽ መንገድ ላይ ከቀረ ቀኑን ሙሉ እንደ ጠዋቱ ትጠጣለች።

ግን ቤሪል፣ ሞተር አሁን ምን ያደርግልሻል? በሃምሳ ዓመትሽ ልትጋልቢ ነው? ሽጫት። አንቺስ በስልክ ብትደውዪ አይሻልም ነበር?

ዋርሳሽ ዴዝ


ኩራባ እርሻ፣ ያንታራ
ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1984

ዴዝ፣

እኔ ደህና ነኝ። ከበጎቹም የቀሩት ደህና ናቸው። ዝናብ የለም።

ለምን በስልክ አትደውዪም ላልከው፣ መስመራችንን ረስተኸዋል መሰለኝ። ስድስት ቤት በአንድ ሽቦ ነን፤ እኔ ሳስነጥስ ከሦስት ቤት «ይማርሽ» ይሉኛል። ይሄን ነገር እነሱ እንዲሰሙት አልፈልግም። ፖስታ ማክሰኞና ዓርብ ይመጣል፣ ይበቃናል።

ያልከኝን አድርጌያለሁ። ካንዴላው ጥቁር ነው፣ ስነካው ጣቴ ላይ ቀረ። ቾኩ ምንም አልሆነም፣ ሽቦውም ደህና ነው።

ሽጫት ላልከው፣ እንግዲያው ለምን እንደጻፍኩልህ ልንገርህ። ለመጋለብ አይደለም። ሜርቭ የሞተ ቀን ፒካፑ ጋራዥ ነበር፣ ስለዚህ ሩቁን ጉድጓድ ሊያይ በሞተር ወጣ። ደርሷል፤ ፓምፑን አስተካክሎ ገንዳውን ሞልቶታል። ሲመለስ ቤት ሊደርስ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ሲቀረው ቤንዚን አለቀበት። አምስቱን በእግሩ መጣ። ጎረቤታችን ኖርም በማግስቱ ከዛፍ ሥር አገኘው። ይሄን ታውቃለህ። የማታውቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

የፖሊሱ ሳጅን ምን ብሎ ጻፈ መሰለህ? «መንገዱ ደርሶ መልስ መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሟች አሥራ አንድ ዓመት ተመላልሶበታል። ሙሉ ታንክ አመላልሶት ለሌላ አርባ ይተርፈዋል። ስለዚህ ሲወጣ አልሞላውም።» እኔ ደግሞ ያን ጠዋት ኩሽና ሆኜ የበርሜሉን የእጅ ፓምፕ ሲስብ ሰምቼዋለሁ። ረጅም ጊዜ ነው የሳበው። ይሄን ስነግረው ሳጅኑ በሐዘኔታ አየኝና እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

ከተማው የቀረውን ጨመረበት። ሦስት ዓመት ድርቅ፣ የገዛ በጎቹን በጥይት የሚጨርስ ሰው፤ ሆን ብሎ ነው ይላሉ። በአርባ ስድስት ዲግሪ ሙቀት በግማሽ ታንክ የወጣ ሰው መመለስ አልፈለገም ይላሉ። ፊት ለፊት ማንም አላለኝም። ኬክ ጋግረው ይመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያጫውቱኛል፤ እኔም ከድምፃቸው ገባኝ።

ዴዝ፣ ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው ያን ጠዋት ሻይ አፍልቶልኝ፣ ግንባሬን ስሞኝ ነው የወጣው። ጥሎኝ ሊሄድ ወስኖ ነው የሳመኝ ወይስ ማታ ሊመለስ? ይሄን ሳላውቅ መኖር አቃተኝ። ባለፈው ወር ሞተሯን ባስነሳት ያ ጭስ ወጣ፣ ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ። እሷን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

ጥያቄዬ አንድ ነው። እንዲህ ስትጠጣ፣ ሙሉ ታንክ ይዛ መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ላታደርስ ትችላለች? አዎ ወይም አይ በለኝ።

ቤሪል


ዴቨንፖርት
ማርች 12 ቀን 1984

ቤሪል፣

አዎ። ትችላለች።

ስለዘገየሁ አትቆጪኝ። እዚህ ወደቡ ላይ የዓሣ ጀልባ ሞተር ተበላሽቶ ቀን ከሌት ስንጠግን ሰነበትን። የከተማውን ወሬ አልሰማሁም ነበር፣ እውነቴን ነው። ሜርቭ እንዲህ ያለ ሰው አይደለም። ይሄን ሳልነግርሽ ዓመት መቆየቴ ያንገበግበኛል።

ቾኩ ደህና ከሆነ ወደ አየር ማጣሪያው ሂጂ። አየር ያጣ ሞተር የሚጠጣው ቤንዚን እንደድሮው ሆኖ እንኳ ይበዛበታል፤ አፍንጫውን ይዘሽ እንደምታበዪው ሰው ማለት ነው። እናንተ አገር ለቀዩ አቧራ ስትሉ ማጣሪያው አፍ ላይ የሴት ስቶኪንግ ወጥራችሁ ዘይት ትቀቡት የለ? ሜርቭም ያደርገው ነበር። እሱን እዪው፤ ስንት ጊዜ ሳይታጠብ እንደቆየ፣ ምን ዘይት እንደተቀባ። ሌላው ይቆየን።

በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ያነሳሽው የእግርሽ ቁስል ዳነ? ያለፈው ደብዳቤሽ ላይ አልጻፍሽልኝም።

ዴዝ


ኩራባ
ማርች 25 ቀን 1984

ዴዝ፣

እግሬን ተወው።

ስቶኪንጉን አወጣሁት። የእኔ ነው። የኖርም ልጅ ስታገባ የለበስኩት፣ ተረከዙ ላይ የተተረተረው። ባለፈው ዓመት፣ የገና በዓል ያለፈ ሰሞን፣ ሜርቭ በጎቹን እየቆጠረ «ቤሪልዬ፣ አንድ ስቶኪንግ ሠዊልኝ እስቲ፣ አቧራው ሊፈጀኝ ነው» አለኝ። «እኔው አደርግልሃለሁ፣ አንተ ሂድ» አልኩት። ሁለት ድርብ አድርጌ ወጠርኩት። ቀጭኑ ዘይት አልቆ ስለነበር ለማርሽ ሳጥን የሚሆነውን ወፍራሙን ቀባሁት። ይበልጥ አቧራ ይይዛል ብዬ ነው እኮ። አሁን ሳወጣው የደረቀ ጭቃ ሆኗል፣ በጣቴ ስመታው ድምፅ ይሰጣል።

ስለዚህ እኔ ነኝ። ባሌን በስቶኪንግ የገደልኩ ሴት እኔ ነኝ።

ሌላም ነገር ልንገርህ፣ ለማንም አትንገር። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ሞተሯ የምትቆምበት ሼድ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ሊመለስ ነበር፣ ሞልቶት ነው የወጣው፣ ሊመለስ ነበር እያልኩ ሳቅኩ። ከዚያ እጄን አየሁት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ምግብ አፌ ሲገባ አመድ አመድ ይለኛል። ኖርም ትናንት መጥቶ «ምን ሆነሻል፣ ከሳሽ እኮ» ሲለኝ ልነግረው ፈልጌ ሻይ ላፈላ ተነሳሁ።

አንተ መካኒክ ነህ። እውነቱን ንገረኝ፣ እኔ ነኝ አይደል?

ቤሪል


ዴቨንፖርት
ኤፕሪል 10 ቀን 1984

ውድ ቤሪል፣

እባክሽ ራስሽን አትግደዪ። በፍቅር ነው ያደረግሽው፣ ሜርቭም ያውቃል። እንዲህ ያለ ነገር ማንም ላይ ሊደርስ ይችላል። ማን አስቦት? ወፍራም ዘይት መሆኑን ሜርቭ ራሱም ቢያይ ምንም አይልም ነበር። ከእንግዲህ ይሄን ማብሰልሰል ተይ። ለከተማው ሰው ስቶኪንጉን አሳዪውና አፉን ዝጊው፤ አደጋ ነው፣ በቃ፣ የማንም ጥፋት አይደለም።

ሞተሯን አሁን ተያት። ጭሱ እንኳ ባይጠፋ ቤንዚንና አየር የሚደባልቀውን ካርቡራተር እንዳትከፍቺው አደራ። ውስጡ ያሉት ነገሮች ደቃቅ ናቸው፣ አንዱ ከጠፋ አይተካም። ሁለቱን ብሎኖች ብቻ ፈትተሽ ሙሉውን በፖስታ ላኪልኝ፣ እኔ አስተካክዬ እመልስልሻለሁ። ወይም ሽጫት ብዬሻለሁ።

ትታመሚያለሽ፣ ተኚ።

ዴዝ


ኩራባ
ሜይ 2 ቀን 1984

ዴዝ፣

ካርቡራተሩን እንድልክልህ የጻፍከውም ቴሌግራምህም ደርሶኛል። አልልክም።

አንተ ነህ ያስተማርከኝ፤ አንድ ነገር ባስተካከልሽ ቁጥር አዲስ ካንዴላ፣ አሥር ኪሎ ሜትር፣ እዚያው ማጥፋት፣ ማየት። ስቶኪንጉን አውልቄ ጣልኩ፣ ካንዴላው ጥቁር። አዲስ ማጣሪያ አስገባሁ፣ ጥቁር። ስቶኪንጉ የገደለው ቢሆን ኖሮ ስቶኪንጉ ሲወልቅ መዳን ነበረባት። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ግን ደደብ አይደለሁም።

ስለዚህ ከፈትኩት። የሜርቭን የሞተር መጽሐፍ ገልጬ፣ ኖርም ባትሪ ይዞልኝ፣ ነጭ ፎጣ አንጥፌ። አንዲትም ነገር አልጠፋችም። የቤንዚኑን ከፍታ የሚቆጣጠረው ተንሳፋፊ አልተበሳም፣ ቁመቱም መጽሐፉ እንደሚለው ነው። ከሥሩ ቤንዚኑን የምትመጥን በመሃሏ የተበሳች የነሐስ ብሎን አለች፣ ከጥፍሬ አትበልጥም። መጽሐፉ «ቁጥር 95» ይላል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቀዳዳዋ ይሰፋል፣ ቤንዚኑም ይበዛል። ኖርም መነጽሩን አድርጎ ጀርባዋ ላይ የተቀረጸውን አነበበው። 130 ነው። «ተሳስተህ ነው» ብዬ እኔም አነበብኩት። 130 ነው።

ኖርም ወጥቶ ፒካፑን አስነሳ። ታንኩን እስከ አፉ ሞላሁ፣ እሱ ከኋላ ተከተለኝ፣ ጉድጓዱ ድረስ ሄደን ተመለስን። ስመለስ የሜርቭ ሞተር የተገኘችበትን ቦታ አለፍኩ። ሦስት ኪሎ ሜትር እንደሄድኩ ቀጥ አለች። ታንኩን ነቅንቄ ሰማሁት፣ ባዶ ነው። ኖርም ከመኪናው ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀና ቆመ። እሱ ነው ሜርቭን ያገኘው፣ ታውቃለህ።

ስለዚህ ስቶኪንጌ የበላው ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። ሦስቱ የእኔ ናቸው፣ እሸከማቸዋለሁ። አሥራ ስድስቱ የማን ናቸው?

ሜርቭ ከመሞቱ በፊት በነበረው ጁላይ አንተ እኛ ጋ ነበርክ። የከተማው የሽርሽር ቀን የሞተር ውድድር ዋዜማ ከሜርቭ ጋር ቀኑን ሙሉ ሼድ ውስጥ ዋላችሁ። ሻይ ሳመጣላችሁ እንደ ሕፃን ልጅ እየሳቃችሁ አንድ ነገር ከእኔ ደበቃችሁ። በማግስቱ እሷን ነድተህ አሸነፍክ። በነጋታው ጠዋት ሳትሰናበተኝ በፖስታ መኪና ሄድክ። እኔ እንደተጣላችሁ ገባኝ እንጂ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ማጽናኛ አልፈልግም። መልስ ነው የምፈልገው።

ቤሪል


ዴቨንፖርት
ሜይ 20 ቀን 1984

ቤሪል፣

እኔ ነኝ።

ለውድድሩ ብለን ነው ትልቋን ብሎን ያስገባናት። ከታዝማኒያ ይዣት መጣሁ። አቧራ ሜዳ ላይ፣ እስከ መጨረሻው ተከፍታ ለምትሮጥ ሞተር ጉልበት ትሰጣለች፤ ለሌላ ግን አትሆንም፣ ቤንዚን ትፈጃለች። ውድድሩ እንዳለቀ ሜርቭ «ነገ ጠዋት የድሮዋን ትመልሳታለህ አይደል?» አለኝ። «ሳትነሳ እመልስልሃለሁ» አልኩት። እሱ በጎች ያውቃል እንጂ ካርቡራተር አያውቅም፤ ያቺ ብሎን ምን እንደምታደርግ በደንብ አልገባውም።

ማታ የከተማው አዳራሽ ውስጥ አሸንፌያለሁ ብዬ ጠጣሁ። መጠጥ እንደማይስማማኝ ታውቂያለሽ። ሜርቭ በሰው ሁሉ ፊት ብርጭቆዬን ከእጄ ነጠቀኝና «ይበቃሃል፣ አባታችንን አትምሰል» አለኝ። ሰው ሳቀ። ጠዋት ሳልነግራችሁ ወጣሁ። መርከቡ ላይ ሲጋራ ስፈልግ ከሞተሯ የፈታኋትን ትንሿን ብሎን ከኮቴ ኪስ አገኘኋት።

ቤሪል፣ መደወል እችል ነበር። ፖስታ ውስጥ ከትቼ መላክ እችል ነበር፣ የቴምብር ነገር ነው። ግን «እሱ ይደውል» አልኩ። ጭሱን ያያል፣ ይቸግረዋል፣ ይደውላል፣ ያኔ ይቅርታ ይጠይቀኛል አልኩ። ስድስት ወር ስልኩን እያየሁ ጠበቅኩ። ሲደወል የሞቱ ዜና ነበር። ቤንዚን አልቆበት ነው ሲሉኝ ወዲያው ገባኝ። ለቀብር ያልመጣሁት ለዚህ ነው። በምን ዓይኔ?

የስቶኪንጉ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ምን እንዳደረግኩ አውቃለሁ። አንቺ እኔ ነኝ ብለሽ ስትጽፊ፣ ይሁን፣ ስቶኪንጉ ይሁን አልኩ። ወንድሜን የገደልኩት ሳያንስ አንቺ ላይ ጣልኩት። ይቅር በዪኝ አልልም።

ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። መቃብሩን እንዳይ ትፈቅጂልኛለሽ? ሜርቭስ ከሄድኩ በኋላ ስለ እኔ ምን አለ? ምንም ቢሆን፣ ቢሰድበኝም ንገሪኝ።

ዴዝ


ኩራባ
ጁን 8 ቀን 1984

ዴዝ፣

ትንሿን ብሎን ከደቦ ከተማ አስመጥቼ አስገባኋት። አንተ ጋ ያለችውን አልፈልግም። ከዚያ ስቶኪንጉን እንደነበረው ድርብ አድርጌ፣ ያንኑ ወፍራም ዘይት ቀብቼ፣ የሼዱን አቧራ አራግፌበት፣ ሞልቼ ጉድጓዱ ድረስ ሄድኩ። ቤቴ ገባሁ። ታንኩ ውስጥ ቤንዚን ተርፎ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ዳንስ ነበር። ሙዚቃው እንዲቆም ጠይቄ ደብዳቤህን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። የመጠጡንም፣ የአባታችሁንም፣ የስቶኪንጉንም። ስምህንም ጠራሁ። ሳጅኑ እዚያው ነበር፤ ሰኞ መጥቶ ወረቀቱን ቀይሮ ጻፈ። «ሞልቶ ወጥቷል፣ ሊመለስ ነበር» ይላል። ኬክ የሚያመጡት ሴቶች አሁን በደንብ ድምፃቸው ይሰማል።

መቃብሩ ሜዳ ላይ ነው፣ በር የለውም፣ ማንም አይከለክልህም። ቤቴ ግን እንዳትመጣ።

ሜርቭ ምን አለ ላልከው። ኦገስት ላይ ጭሱን አይቶ ነበር። ኖርም «አምጣት፣ ልያት» አለው። ሜርቭ «ተው፣ የዴዝ እጅ ነው። ሌላ ሰው ካስነካሁ እንደተቀየምኩት ይቆጥረዋል። ለገና ይመጣና እሱው ያስተካክላታል» አለ። እስከዚያ ደግሞ ከቤት አልራቀባትም፤ ያን ቀን ፒካፑ ባይበላሽ አይወጣባትም ነበር። ብርጭቆውን የነጠቀህ ማታ አልተኛም። ጠዋት ሊታረቅህ ተነስቶ ሲሄድ አልጋህ ባዶ ነበር።

ዲሴምበር ላይ በረንዳው ላይ አልጋ ዘረጋልህ፣ አንሶላውን ራሱ አነጠፈ። ገና አለፈ። አዲስ ዓመት አለፈ። «አቧራ ጠጣ እኮ፣ ላንሳው» ስለው «ተይው፣ ዘግይቶ ይመጣል» አለኝ። ከቀብር ስንመለስ አልጋው እንደተነጠፈ ነበር። አንሶላውን እኔ አነሳሁት።

ቤሪል